ማዕበልን አስቀድሞ ያስታወቀው መርከበኛ፤ ሮበርት ፊትዝሮይ

በባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ዐውሎ ነፋስን ነው። በተለይም በብርዱ ወራት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚነፍሰው ነፋስ ለብዙ ዘመን መርከቦችን በድንገት ሲያሰጥም ኖሯል። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ምልክት እንዳለው ዐውቀው ለሕዝብ ጥቅም ካዋሉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ፊትዝሮይ ነበረ።

ፊትዝሮይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ዓ.ም. በሰፎክ አውራጃ ከታላላቅ መኳንንት ወገን ተወለደ። ገና በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ባሕር ኀይል ትምህርት ቤት ገባ፤ በ23 ዓመቱም ቢግል የምትባለው መርከብ አዛዥ ሆነ። በ1829 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በላ ፕላታ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ሳለ ባሮሜትሩ የአየር ግፊት መቀነሱን አመለከተ። እርሱ ግን ሸራውን በጊዜው ስላላስወረደ ዐውሎ ነፋሱ ደረሰበትና ሁለት መርከበኞች ሞቱ። ከ1831 እስከ 1836 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ዳርዊንን ይዞ ዓለምን ዞረ።

በ1854 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አየር ጠባይ ማስረጃ የሚሰበስብ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ፊትዝሮይን ሾመበት። እርሱም ለድኾች ዓሣ አጥማጆች መንደሮች ባሮሜትር እንዲታደል አደረገ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። አየር ክብደት ስላለው ምድርን ይጫናል፤ ግፊቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ነፋስ ግፊት ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ ነገር ግን ምድር ስለምትዞር መንገዱ ይጠመዘዝና ዝቅተኛውን ግፊት እየከበበ ይነፍሳል። በብርዱ ወራት ከዋልታ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየርና ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት አየር በአትላንቲክ ላይ ሲገናኙ ግፊቱ ይወድቃል፤ አወዳደቁም በፈጠነ መጠን ነፋሱ ይበረታል። በአይስላንድ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ግፊትና በአዞር ደሴቶች አጠገብ ባለው ከፍተኛ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ማዕበሉ ወደ ሰሜን አውሮፓ እንደሚበዛ፥ ሲጠብም ወደ ደቡብ እንደሚያዘነብል የዛሬ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

በጥቅምት 1859 ዓ.ም. ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ ከአውስትራልያ ስትመለስ በዌልስ ጠረፍ በአንግልሲ ደሴት ተሰብራ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ፊትዝሮይ በዚያ ጊዜ በየቦታው የተጻፈውን የግፊት ልክ ሰብስቦ በካርታ ላይ አኖረ፤ በቴሌግራፍ ቢነገር ኖሮ ማዕበሉ ሳይደርስ ሰዎችን ማስጠንቀቅ ይቻል እንደ ነበረም አስረዳ። ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕበል ሲያሠጋ በየወደቡ ምሰሶ ላይ ምልክት እንዲሰቀል አደረገ። በዚያው ዓመት የነገው አየር ጠባይ በጋዜጣ መታተም ጀመረ።

ይሁን እንጂ ግምቱ አንዳንድ ጊዜ ስለሚሳሳት ጋዜጦች አፌዙበት፤ ሊቃውንትም ሥራው በቂ መሠረት የለውም አሉ። ገንዘቡ አለቀ፤ ጤናውም ታወከ። በሚያዝያ 1865 ዓ.ም. በብርቱ ኀዘን ተይዞ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በ1866 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያው ቢቋረጥም የባሕር ሰዎች ጥቅሙን ዐውቀውት ስለ ነበረ አጥብቀው ጠየቁ፤ በማግሥቱም ዓመት ተመለሰ። በ2002 ዓ.ም. ለመርከበኞች የአየር ጠባይ ከሚነገርባቸው የባሕር ክፍሎች አንዱ በስሙ ተጠራ።

ፊትዝሮይ ዕውቀቱ ፍጹም እስኪሆን አልጠበቀም። ቢጠብቅ ኖሮ ማንም ባላፌዘበት ነበር፤ ነገር ግን ምልክቱን አይተው በወደብ የቀሩት ዓሣ አጥማጆች ወደ ማዕበሉ በገቡ ነበር። እኛም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የምንወጣው ጥቂት ዕውቀት ይዘን ነው። ጥቂቱም ቢሆን በጊዜው ከተነገረ ሰውን ከሞት ሊያድን እንደሚችል የዚህ ሰው ታሪክ ያስተምረናል።