ከመሬት የማይነሣው አይሮፕላን፤ የኤድዊን ሊንክ የሕይወት ታሪክ

በአሁኑ ዘመን አንድ ወጣት ከቤቱ ሳይወጣ፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፣ የጥንት አይሮፕላኖችን ማብረር ይችላል። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩት፣ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻውን የተሻገረበት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1946 ሥራውን የጀመረበት ዓይነት የዳግላስ አይሮፕላን በእንዲህ ያለው የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ይገኛሉ (በዚህ ምንባብ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ቢጠፋ፣ አይሮፕላኑም ከተራራ ጋር ቢላተም የሚሞት የለም። ይሁን እንጂ በማይበር ነገር ላይ ተቀምጦ መብረርን መማር በኮምፒዩተር ዘመን የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። አስቀድመው የሞከሩት ነበሩ፤ ለቁም ነገር ያበቃው ግን የኦርጋን ሠሪ ልጅ የሆነው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ነው።

ሊንክ በ1904 በኢንዲያና ግዛት በሀንቲንግተን ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ በኒው ዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ቢንግሃምተን ተዛወረ። በዚያም አባቱ ኦርጋንና በራሱ የሚጫወት ፒያኖ የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። እነዚህን የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሳቸው በወናፍና በቱቦ የሚመላለስ አየር ነው። ወጣቱ ሊንክም ይህን ጥበብ በፋብሪካው ውስጥ እየሠራ ተማረ።

በ1920 በካሊፎርኒያ 50 ዶላር ከፍሎ የመጀመሪያውን የበረራ ትምህርት ወሰደ፤ ትምህርት ከተባለ ነው። አስተማሪው አይሮፕላኑን በአየር ላይ እየገለበጠና እያሽከረከረ፣ ከጣራ በላይ ዝቅ ብሎ እያለፈ አንድ ሰዓት ያህል ካንገላታው በኋላ አሳረፈው። ሊንክ መሪውን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካም። ገንዘቡ ለዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ወጣቱ ግን በበረራ ተስፋ አልቆረጠም፤ የጠላው የማስተማሪያውን ዘዴ ነው።

ከ1927 እስከ 1929 ባለው ጊዜ በአባቱ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ከእንጨት አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። ክንፎቿ አጫጭር ነበሩ፤ የተቀመጠችውም በወናፎች ላይ ነው። ተማሪው መሪውን ወደ ግራ ሲገፋ የአየር መክፈቻዎች ይከፈታሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ አየሩን ሲስብ በአንድ ወገን ያለው ወናፍ ይኮማተርና አይሮፕላኗ ወደዚያው ታዘነብላለች። በኦርጋኑ ውስጥ ዜማ ያወጣ የነበረው ብልሃት እንዲህ ተማሪን በግራና በቀኝ ያናውጥ ጀመር። በኋላም ተቀማጩን የሚሸፍን ክዳን ተጨመረበት፤ ተማሪው ክዳኑ ሲዘጋበት በደመና ውስጥ እንደሚበር ሰው የመለኪያ መሣሪያዎቹን ብቻ እየተመለከተ መሄድ አለበት። በውጭ በጠረጴዛ ላይ ደግሞ ባለሦስት ጎማ ትንሽ መሣሪያ የተጓዘበትን መንገድ በካርታ ላይ በቀለም ታሰምራለች። ስሕተቱ ሁሉ ለአስተማሪው በግልጥ ይታያል።

ይህን ያህል የተደከመበትን መሣሪያ በመጀመሪያ የገዙት በአብዛኛው የመዝናኛ ስፍራ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ ሳንቲም እየከፈለ ይጫወትበት ነበር። የበረራ ባለሥልጣኖች ግን ዞር ብለው አላዩትም።

አስተያየታቸውን የለወጠው ሞት ነው። በየካቲት 1934 የአሜሪካ መንግሥት ከግል ኩባንያዎች ጋር የነበረውን ውል ሰርዞ ፖስታ የማመላለሱን ሥራ ለጦር ሠራዊቱ አብራሪዎች ሰጠ። ወራቱ ክረምት ነበር፤ አብራሪዎቹም በጭጋግና በሌሊት በመሣሪያ ብቻ መብረርን በሚገባ አልተማሩም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 የሚበልጡ አብራሪዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የጦር መኮንኖች ሊንክን በኒውአርክ አይሮፕላን ማረፊያ ቀጠሩት። በቀጠሮው ቀን አየሩ እጅግ ስለ ተበላሸ አይመጣም ብለው ለመሄድ ሲነሡ፣ ሊንክ ራሱ እያበረረ በጭጋጉ ውስጥ መጥቶ አረፈ። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሠራዊቱ እያንዳንዱን በ3,500 ዶላር ሒሳብ 6 መሣሪያዎች ገዛ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ በራሪዎች በዚህ መሣሪያ ሠለጠኑ። አካሏ በሰማያዊ ቀለም ስለሚቀባ ሰማያዊዋ ሣጥን ይሏት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሊንክ ፊቱን ከሰማይ ወደ ባሕር መለሰ። በ1962 ራሱ በሠራው የአሉሚኒየም በርሜል ውስጥ ሆኖ በሜዲትራኒያን ባሕር 18 ሜትር ያህል ወርዶ 8 ሰዓት ቆየ። ሰዎችን ወደ ጥልቅ ውኃ የምታወርድ መርከብም ሠራ። ነገር ግን በሰኔ 1973 ይህችው መርከብ በፍሎሪዳ አጠገብ በባሕር ውስጥ በሰጠመ መርከብ ፍርስራሽ ተያዘች። እስክትወጣ ድረስ ከአንድ ቀን በላይ አለፈ። በኋለኛው ክፍል የነበሩት ሁለት ሰዎች በተበላሸ አየር ታፍነው ሞቱ፤ አንደኛው የሊንክ ልጅ ክሌይተን ነበር፤ ዕድሜው 31 ዓመት ነው።

ሊንክ በዚያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ሆኖም ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ፣ በባሕር ወለል የተያዘችን መርከብ በካሜራ ፈልጎ የሚያገኝና ለማስለቀቅ የሚያስችል በገመድ የሚወርድ መሣሪያ ሠራ። በመስከረም 1981 በ77 ዓመቱ በቢንግሃምተን ከተማ ዐረፈ።