ኢማም አሕመድና የእስር ጓደኛቸው

ወንድሞች ሆይ! በ218 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው መእሙን ቁርኣን ፍጡር ነው እንዲሉ ዑለማዎችን አስገደደ። በባግዳድ ከተጠየቁት የሚበዙት እሺ አሉ፤ በሰይፍ ፊት የተናገረን ሰው ለመውቀስ አንቸኩልም። እስከ መጨረሻው እንቢ ያሉት አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና ሙሐመድ ኢብኑ ኑሕ በሰንሰለት ታስረው ወደ ጠርሱስ ተነዱ።

ሙሐመድ ገና ወጣት ነበር፤ ዕውቀቱም የብዙ ሰው ያህል አልነበረም። ነገር ግን የ54 ዓመቱን ኢማም የሚያጽናና እርሱ ሆነ፤ ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ ወደርሳቸው እንደሚመለከት ያስታውሳቸው ነበር። እነርሱ ሳይደርሱ መእሙን ሞተ። ሲመለሱም ሙሐመድ ታሞ በኤፍራጥስ ዳር በምትገኘው በዓና ዐረፈ፤ ሰንሰለቱ ተፈታለት፤ ኢማሙም ጀናዛውን ሰገዱበት።

ከዚያ ብቻቸውን ባግዳድ ወህኒ ገቡ። እስሩ በጠቅላላው 28 ወር ያህል ቆየ፤ በዚያም እግራቸው እንደ ታሰረ እስረኞችን ያሰግዱ ነበር።