የቢጫዋ ካርድ ባለውለታ

ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሰው ከፓስፖርቱ ጋር የሚይዛት አንዲት ቢጫ ካርድ አለች። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት መንገደኞች የምርመራ ውጤትና የክትባት ማስረጃ ሲጠየቁ ነገሩ ለብዙዎች አዲስ መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ድንበር ለመሻገር የጤና ማስረጃ ማሳየት የቆየ አሠራር ነው። የቢጫ ወባ ክትባትን ያስገኙት የማክስ ታይለር ሕይወት ከዚያች ካርድ ጀርባ ምን ያህል ድካም እንዳለ ያሳያል። (ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታይለር በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከስዊዘርላንድ የመጡ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ታይለር በአገራቸው የጀመሩትን የሕክምና ትምህርት በ1919 ወደ ለንደን ሄደው ቀጠሉ፤ በ1922ም የሙያ ፈቃድ አገኙ። የሕክምና ዶክትሬት ግን አልያዙም። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ጀመሩ።

ቢጫ ወባ ስሙ ከወባ ጋር ቢያዛምደውም መንስኤው ቫይረስ ነው። የሚተላለፈውም ቫይረሱን በተሸከመች ትንኝ ንክሻ ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ማስመለስ ያስከትላል። ሲብስ ጉበትን ይጎዳል፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፣ ደም መፍሰስም ይከተላል። ዛሬም ቢሆን ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም። ተመራማሪዎቹንም አልማረም፤ አድሪያን ስቶክስ በ1927፣ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1928 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ታይለርም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳሉ በ1929 በበሽታው ተያዙ፤ ደግነቱ ዳኑ፤ ሰውነታቸውም በሽታውን መከላከል ቻለ። ብዙም ሳይቆዩ ምርምሩን ቀላል ያደረገ ግኝት ይፋ አደረጉ። እስከዚያ ድረስ ሙከራው የሚካሄደው ውድ በሆኑ ጦጣዎች ላይ ነበር። እርሳቸው ግን ቫይረሱ ተራ ነጭ አይጦችንም እንደሚያጠቃ አረጋገጡ። በዚህም መነሻነት የደም ምርመራ ተገኘ። የአንድ ሰው የደም ሴረም ከቫይረሱ ጋር ለአይጥ ይሰጣል፤ አይጧ ከተረፈች ሰውየው ቀድሞ በበሽታው ተይዞ መከላከያ አዳብሯል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ቢጫ ወባ የትኞቹን አካባቢዎች እንደነካ በካርታ ላይ ማስፈር ተቻለ።

በ1930 ታይለር ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ተዛወሩ። እዚያም ጋና ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ የተገኘውን ቫይረስ ከጫጩት ሽል በተወሰደ ሕዋስ ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ እያዛወሩ አሳደጉት። ቫይረሱ ሰውን የማሳመም ኃይሉ ደከመ፤ መከላከያ የማስገኘት ችሎታው ግን አልጠፋም። በ1937 ከሂዩ ስሚዝ ጋር ይፋ ያደረጉት ይህ ክትባት 17ዲ ይባላል፤ ዛሬም የምንከተበው እርሱኑ ነው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1942 ከተከተቡ የአሜሪካ ወታደሮች መካከል ወደ 50 ሺህ የሚጠጉት በጉበት በሽታ ታመሙ። መንስኤው በክትባቱ ላይ ይጨመር የነበረው የሰው ሴረም መበከሉ ነበር። ሴረሙ ከክትባቱ እንዲወጣ ተደርጎ ችግሩ ተወገደ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀትን ያካተተውን ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። በ2020ም ዓለም በኮሮና ስትጨነቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ቢጫ ወባ ተከስቶ ነበር።

ስለዚህ ጉዞ ያሰበ ሰው እነዚህን ልብ ይበል። ካርዷ የምትጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመነሻው ዋዜማ አያቆዩት። ፈቃድ ባለው ተቋም ይከተቡ፤ ስምዎ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉን፣ ቀኑ፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ ፊርማውና ማኅተሙ መሟላታቸውን እዚያው ያረጋግጡ። ከ2016 ወዲህ ካርዷ ዕድሜ ልክ ታገለግላለች፤ የ10 ዓመት ገደብ የተጻፈባት የቀድሞዋም እንዲሁ። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸውና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ክትባቱ አይሰጣቸውም። ነፍሰ ጡሮችና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ደግሞ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በወረርሽኝ ጊዜ የሚጠየቀው የምርመራ ውጤት ከክትባት ካርድ ይለያል። የሚናገረው ናሙናው ስለተወሰደበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ጊዜው ያልፋል። የመዳረሻ አገሩንም ሆነ የመሸጋገሪያውን ደንብ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

ታይለር በ1972 በ73 ዓመታቸው አሜሪካ ውስጥ አረፉ። እርሳቸውን ከቢጫ ወባ የጠበቃቸው በደማቸው ውስጥ የነበረው መከላከያ ነው። ሳይከተብ ሐሰተኛ ካርድ የሚገዛ ሰው ምናልባት የአየር ማረፊያውን ሠራተኛ ያታልል ይሆናል፤ ትንኟ ግን ካርድ አትጠይቅም።