ስም አውጪው ካርል ሊኔየስ

በባዮሎጂ መጻሕፍታችን፣ በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መካከል፣ ዘመም ባለ ፊደል የታተሙ ጥንድ ጥንድ የላቲን ቃላት እናገኛለን። እነዚህን ስሞች ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ስለ ሆነ፣ የእርሱን ሕይወት በአጭሩ ልጽፍ ተነሣሁ። ዘመኑን ሁሉ የቈጠርሁት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሊኔየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን ሮስሁልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ አትክልት ወዳድ ቄስ ነበር፤ የቤተሰቡንም ስም ያወጣው በርስታቸው ላይ ከቆመ ታላቅ የሊንደን ዛፍ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው ካህን እንዲሆን ቢመኙም፣ መምህራኑ ለዚያ ትምህርት እንደማይሆን ለአባቱ ነገሩት። ዮሐን ሮትማን የተባለ ሐኪም ግን ልጁ ሕክምና እንዲማር መክሮ ተስፋውን አቀናለት። ፈተና የሚጠብቀን እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህን ታሪክ በቀላሉ አናልፈውም።

በ1732 ወደ ላፕላንድ ተጕዞ ዕፅዋትን መረመረ። በ1735 በሆላንድ የሕክምና ዶክተር ሆነ፤ በዚያው ዓመት «ሲስቴማ ናቱሬ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በ1741 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ከእርሱ በፊት አንድን ተክል ለመጥራት ቅጠሉን፣ ግንዱንና አበባውን የሚገልጽ ረዥም የላቲን ሐረግ መደርደር ያስፈልግ ነበር። ሐረጉም ከሊቅ ሊቅ ይለያያል። መድኃኒት በሚቀመምበት ዘመን፣ የአንዱ ተክል ስም ከሌላው ጋር ቢምታታ የሚደርሰውን ጉዳት መገመት አያስቸግርም። ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ፤ አንዱ የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። በ1758 ይህንኑ ለእንስሳት አደረገ።

ዛሬ እንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህን ስም ሲያስገባ የመጀመሪያውን ቃል በትልቅ ፊደል፣ ሁለተኛውን በትንሽ ይጀምራል። በእጅ ሲጻፍ ከሥሩ ይሰመርበታል። ስሙ ሲደገም የፊተኛው ቃል በአንድ ፊደል ያጥራል፤ ለብዙ ቍጥር ብሎ «ኤስ» መጨመር ግን ነውር ነው። የጤፋችን ስም «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ነው፤ ከሊኔየስ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የእኛን ቃል እንዳለ ወስደውታል።

የቡናው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1753 ሊኔየስ «ኮፌያ አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት ከዐረብ አገር ስለ ነበር። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ መሆኗ ከታወቀም በኋላ ስሙ አልተለወጠም፤ በደንቡ መሠረት በሥርዓት አስቀድሞ የወጣ ስም፣ አገሩን ቢስትም ይጸናልና። እኔ በደንቡ እስማማለሁ፤ ስሙ ግን ይከነክነኛል።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1758 ሰውን «ሆሞ ሳፒየንስ» ብሎ ሲሰይም፣ የሰውን ልጅ በቀለምና በአህጉር ከፍሎ ለያንዳንዱ ጠባይ መደበ፤ አውሮፓዊውን አሞግሶ አፍሪካዊውን አዋረደ። ዕፅዋትን በጥንቃቄ የሚመረምር ሰው ያላየውን ሕዝብ በወሬ መፍረዱ ያሳዝናል። ታላቅነቱን ስንናገር ይህንን መደበቅ አይገባንም።

ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕፅዋት ብለው ወደ ሩቅ አገር ተሰማርተዋል፤ ከነርሱም አንዱ ፔር ፎርስኮል በ1763 በየመን በ31 ዓመቱ ሞተ። ሊኔየስ ራሱ በ1778 በኡፕሳላ ዐረፈ። ያከማቻቸውን ዕፅዋትና መጻሕፍት በ1784 ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ገዛቸው፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ ይገኛሉ።