ሮበርት ኤመርሰንና የዋቅላሚ ብርሃን

ከጂንካ ከፍታ ወደ ደቡብ ቆላ ሲወረድ ኦሞ ወንዝ የዳሰነችን ምድር አቋርጦ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወንዙ የሚሸከመው ደለል የሐይቁን ሰሜናዊ ጫፍ ያደፈርሰዋል። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ሰማያዊው ብርሃን ገና ከላይ ይጠፋል፤ ወደ ታች የሚዘልቀው በአብዛኛው ቀዩና ብርቱካንማው ነው። በሐይቁ ከሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታት መካከል አረንጓዴ-ሰማያዊ ዋቅላሚዎች፣ በዛሬው አጠራር ሳያኖባክቴሪያ፣ ይገኛሉ። እነዚህ ከሐመልሚል ሌላ ብርቱካንማውን ብርሃን የሚይዝ ፊኮሳያኒን የተባለ ሰማያዊ ቀለም አላቸው። በዚህ ቀለም የተያዘው ብርሃን ለብርሃን አስተፃምሮ በሚገባ እንደሚውል በጥንቃቄ ለክተው ካሳዩት ሊቃውንት መካከል ሮበርት ኤመርሰን ግንባር ቀደሙ ነው።

ኤመርሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። በሃርቫርድ ከተማረ በኋላ ወደ በርሊን ተሻግሮ በኦቶ ዋርቡርግ ሥር ተመራመረ፤ በ1927ም የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ዋርቡርግ በ1931 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ታላቅ ሊቅ ነበር። ዋቅላሚ የሚያወጣውን ኦክሲጅን በማኖሜትር የመለካትን ጥበብ ኤመርሰን የቀሰመው ከእርሱ ነው።

በ1932 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ ከተማሪው ከዊልያም አርኖልድ ጋር ክሎሬላ በተባለ ዋቅላሚ ላይ እጅግ አጭር የብርሃን ብልጭታ እያሳረፈ ለካ። በአንድ ብልጭታ አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል የሚገኘው ከ2500 ያህል የሐመልሚል ሞለኪውሎች ሆኖ ተገኘ። ይህም ብዙ ሞለኪውሎች የያዙትን ጉልበት ወደ አንድ ማዕከል ያቀብላሉ ለሚለው ሐሳብ በር ከፈተ።

በ1942 ከቻርልተን ሉዊስ ጋር ባወጣው ጥናት ክሮኮከስ የተባለውን አረንጓዴ-ሰማያዊ ዋቅላሚ መረመረ። በ600 ናኖሜትር አካባቢ ከብርሃኑ አብዛኛውን የሚይዘው ፊኮሳያኒን ነው፤ የኦክሲጅኑ ምርት ግን ሐመልሚል ብርሃኑን ሲይዝ ከሚገኘው እምብዛም አላነሰም። ጉልበቱ ከቀለም ወደ ቀለም የሚተላለፍ መሆኑን ከዚያ በኋላ የፍሎረሰንስ ልኬት አረጋገጠ። ፍሎረሰንስ ብርሃን የተቀበለ ቀለም ከጉልበቱ ጥቂቱን መልሶ የሚያፈነጥቀው ደካማ ብርሃን ነው። ፊኮሳያኒን ብርሃን ሲቀበል ሐመልሚል የራሱን ቀይ ብርሃን ካፈነጠቀ፣ ጉልበቱ በመካከላቸው ተሻግሯል ማለት ነው። በዚህ ረገድ አርኖልድ ከፊዚክስ ሊቁ ከሮበርት ኦፐንሃይመር ጋር በ1950፣ ሆላንዳዊው ዳውሰንስም በ1952 ያወጧቸው ጥናቶች ታላቅ ስፍራ አላቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በማንዛናር ሰፈር ታግተው ሳለ፣ ኤመርሰን ከመካከላቸው ከነበሩ ባለሙያዎች ጋር ጉዋዩል ከተባለ ተክል ጎማ የማውጣት ምርምር አካሄደ። በ1946 ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከመምህሩ ነበር። ዋርቡርግ አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ለማውጣት አራት የብርሃን ኳንተም ይበቃል ይል ነበር፤ ኤመርሰን ግን ደጋግሞ በለካ ቁጥር ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያገኝ ነበር። በ1948 ዋርቡርግ ራሱ ወደ ኢሊኖይ መጥቶ ወራት ቢቆይም ሁለቱ ሳይስማሙ ተለያዩ። ኤመርሰን የመምህሩን ክብር ሳይነካ፣ ስለ ክብሩም ብሎ ቁጥሩን ሳይለውጥ በመለኪያው ጸና። ዛሬ ሳይንስ የተቀበለው ከስምንት የማያንሰውን ቁጥር ነው።

በ1957 ደግሞ ከ680 ናኖሜትር በላይ ያለው ቀይ ብርሃን ብቻውን ደካማ ሲሆን፣ አጠር ያለ ሞገድ ያለው ብርሃን ሲታከልበት ምርቱ ከሁለቱ ድምር እንደሚበልጥ አስታወቀ። ይህም ብርሃን አስተፃምሮ በሁለት ተባባሪ ሥርዓቶች እንደሚከናወን ለመረዳት መሠረት ሆነ። የግኝቱን ፍሬ ግን ለማየት አልታደለም፤ በየካቲት 1959 የተሳፈረበት አውሮፕላን በኒው ዮርክ ወንዝ ላይ ወድቆ በ55 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ የሐይቅ ዋቅላሚን መጠን ለማወቅ የፊኮሳያኒንን ፍሎረሰንስ የሚለኩ መሣሪያዎች በውኃ ውስጥ ይጠለቃሉ። የኦሞን አፍ በመሰለ ድፍርስ ውኃ ደለሉ ራሱ ብርሃኑን ስለሚያዛባ የመሣሪያው ንባብ ከናሙና ጋር ሳይመሳከር አይታመንም። የሚጠበቀውን ቁጥር ሳይሆን የተገኘውን መጻፍ፣ ከመጻፍም በፊት ደግሞ መለካት፣ ኤመርሰን ለሙያው ያወረሰው ሕግ ነው።