ኢንሱሊንን ያገኘው ሐኪም ፍሬድሪክ ባንቲንግ

ፍሬድሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1891 በካናዳ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ሲያገለግል ክንዱን ቆሰለ። በዚያ ዘመን ስኳር የያዘው ልጅ ብዙም አይኖርም፤ ሐኪሞችም ምግብ ከመቀነስ በቀር መላ አልነበራቸውም።

በ1921 ባንቲንግ ከወጣቱ ቻርልስ ቤስት ጋር ቶሮንቶ ውስጥ ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊንን አወጣ። በጃንዋሪ 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም፤ ጄምስ ኮሊፕ መድኃኒቱን አጣርቶ ሲያቀርብ ግን ልጁ ዳነለት፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። ባንቲንግ በ1923 ኖቤል ሲሸለም የገንዘቡን ድርሻ ለቤስት አካፈለ። በ1941 በአውሮፕላን አደጋ በ49 ዓመቱ አረፈ።

ያላየው ነገር ግን ነበር። ኢንሱሊን የሚሠራው በሰውነታችን ህዋስ ላይ ያለው ተቀባይ ሲይዘው ነው፤ ይህ በግልጽ የታየው በ1971 ነው። የኔታንያን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አስቡት፤ ስኳሩ ተሳፋሪ፣ ህዋሱ አውቶቡስ፣ ኢንሱሊን በሩን የሚያንኳኳ ነው። የብዙ ሽማግሌዎቻችን ስኳር ግን አንኳኪ አጥቶ አይደለም፤ ቢንኳኳም በሩ ቶሎ አይከፈትም፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል።

ከኢትዮጵያ ስንመጣ ይህ በሽታ በመካከላችን ጥቂት ነበር። ምግቡ ሲለወጥ፣ የእግር ጉዞው ሲቀር በዛ። እናቶችና አባቶች፣ በእግር መሄድ በሩን ያላላል፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡ። የባንቲንግ ልደት ዛሬ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።