በሆቴል ተቀጥሮ የበረዶ ሸርተቴ አባት የሆነው ሀነስ ሽናይደር

ጊኒር ላይ ሥራ የሚታዘዘው ከሰማይ ነው። በልጉ ከዘነበ ገበሬው ያርሳል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ጫኝና አውራጁም ሳንቲም ያገኛል። ከቀረ ግን ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እስቲ ዝናቡን በበረዶ ተኩትና በአውሮፓና በአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛዎች ተቀጥረው የሚሠሩትን አስቧቸው። በረዶ ከጣለ እንግዳ ይመጣል፣ አስተማሪውም ይበላል። በረዶው ሲቀልጥ የብዙዎቹ ደሞዝም አብሮ ይቀልጣል። ልክ እንደ ኳሱ የውድድር ዘመን አላቸው፤ ልዩነቱ የመጨረሻውን ፊሽካ የምትነፋው ፀሐይ መሆኗ ነው።

ይህን የወቅት ሥራ የተከበረ ሙያ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኦስትሪያዊው ሀነስ ሽናይደር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሽናይደር በጁን 24/1890 አርልበርግ ተራራ ላይ ባለችው ስቱበን መንደር ተወለደ። አባቱ የተራራውን መንገድ የሚጠግን ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ልጁ አይብ መሥራት እንዲማር ፈልጎ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን በረዶው ላይ ቀረ። ቪክቶር ሶም የተባለ የብሬገንዝ ሰው ወደ መንደሩ ሲመጣ አይቶ ሸርተቴውን ተማረ፣ ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው የሚደርስበት ጠፋ።

በ1907 የስዊዘርላንድ መዝናኛ ሊወስደው ሲል የሳንክት አንቶኑ የሆቴል ፖስት ባለቤት ካርል ሹለር ቀደመና አስፈረመው። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነው! ሹለር ነጋዴ ነበር። በክረምት ባዶ የሚሆነውን ሆቴል በእንግዳ መሙላት ፈልጓል፣ ለዚህ ደግሞ እንግዳውን የሚያስተምርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፣ ግን አልነበረም። እንግዳው ሀብታም ከተሜ ነው፣ ከፍሏል፣ ቶሎ መቻል ይፈልጋል። አስተማሪው ደግሞ የገጠር ልጅ ነው። በብርዱ ቀኑን ሙሉ የወደቀ ሲያነሳ፣ የፈራ ሲያደፋፍር ይውላል። ሰው እግሩን ከሰበረ ስሙ የሚጠፋው የእሱና የሆቴሉ ነው።

ሽናይደር መፍትሔ አመጣ። ያኔ ብዙው ሰው ቀጥ ብሎ ነበር የሚንሸራተተው። እሱ ግን ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ማለትን፣ መጀመሪያ ፍጥነትን መግታት፣ ቀጥሎ መታጠፍን በደረጃ አስተማረ። ይህ ነው አርልበርግ ቴክኒክ የሚባለው። ተማሪዎቹንም እንደ ክለብ ታዳጊ፣ ቢ ቡድንና ዋና ቡድን ብሎ በችሎታ ከፈላቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተራራ ወታደሮችን ካሰለጠነ በኋላ በ1920ዎቹ ትምህርት ቤቱን በደንብ አደራጀው። አስተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘዴ ስለሚከተሉ ከአንዱ የጀመረ እንግዳ ከሌላው ጋር ሳይደናገር ይቀጥላል።

ከዚያማ ስሙ ገነነ። በአርኖልድ ፋንክ ፊልሞች ላይ ሠራ። በ1928 ከእንግሊዛዊው አርኖልድ ለን ጋር የአርልበርግ ካንዳሃርን ውድድር ጀመረ፣ በ1930 ጃፓን ድረስ ተጠርቶ አስተማረ። ሳንክት አንቶንም በእሱ ስም እንግዳ እየጎረፈላት እንጀራዋን በላች።

ታዲያ በማርች 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ መጀመሪያ ከታሰሩት ውስጥ አንዱ እሱ ሆነ። ናዚን አይወድም ነበር፣ ይህንንም አልደበቀም። ትምህርት ቤቱን ቀሙት። ከእስር ቢወጣም ጀርመን ውስጥ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን ላይ በቁጥጥር ሥር አቆዩት። ያ ሁሉ ዝና አላዳነውም።

ያወጣው ሌላ አሠሪ ነው። ሃርቪ ጊብሰን የኒውዮርክ ባንክ ኃላፊ ሲሆን በትውልድ ከተማው በኖርዝ ኮንዌይ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ክራንሞር የሚባል የበረዶ ሸርተቴ ተራራ ነበረው። ከጀርመኖች ጋር በነበረው የገንዘብ ጉዳይ ተጠቅሞ ተደራደረና ሽናይደርን ከነቤተሰቡ አስለቀቀ። እኛ ስንት ዝውውር ሰምተናል፤ የዚህኛው ዋጋ ግን የሰው ነፃነት ነበር። በፌብሩዋሪ 11/1939 ባቡሩ ኖርዝ ኮንዌይ ሲደርስ ልጆች የሸርተቴ ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው እንደ ቅስት ሠርተው ተቀበሉት፣ በሥሩም አልፎ ገባ።

ሽናይደር በ48 ዓመቱ እንደገና ተቀጣሪ ሆነ። በ17 ዓመቱ ለሹለር፣ አሁን ለጊብሰን። ተራራው አንድም ቀን የራሱ አልነበረም። ናዚዎች ትምህርት ቤቱን መውሰድ ችለዋል፤ ሙያውን ግን መውሰድ አልቻሉም። ክራንሞርን በአሜሪካ ስመ ጥር አደረገው። ልጁ ኸርበርት በአሜሪካ 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ተዋግቶ ተመልሶ የአባቱን ሥራ ቀጠለ። የዚህ ክፍለ ጦር ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1962 የተከፈተውን ቬይልን ጨምሮ፣ የአሜሪካን መዝናኛዎች ካቋቋሙት ውስጥ ናቸው። ሽናይደር በኤፕሪል 26/1955 እዚያው ኖርዝ ኮንዌይ አረፈ።

የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ሸርተቴውን ለዩኒቨርሲቲ የተወዳደረው በዚያው በኒው ሃምፕሻየር ነው።

ባሌ ላይ የሸርተቴ በረዶ የለም። ከጎባ ወደ ሳነቲ ሲወጡ ግን 4377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ ዲንሾ ላይ አስጎብኚና ፈረስ አከራይ አለ። ፓርኩ በ2023 የዓለም ቅርስ ተብሏል። ነገ እዚያ ሆቴል የሚያቆም ባለሀብት ቢመጣ ከሹለር የሚማረው አለ፦ እንግዳው ተመልሶ የሚመጣው ለአልጋው ብቻ ሳይሆን ተራራውን ላሳየው ሰው ጭምር ነው። የዲንሾ ልጅም ሙያውን በደንብ ከያዘ፣ ተራራው የማንም ቢሆን ይፈለጋል።